ድሪቶ ስድብ ነውን? ከአሮጌ ልብስ ስለሚሠራ ጥበብ

በአማርኛ የሥነ ጽሑፍ ሂስ ውስጥ «ድሪቶ» የምትባል አንዲት ቃል አለች። ሐያሲው አንድ ድርሰት ከዚህም ከዚያም ተለቃቅሞ የተሰፋ፣ ወጥነት የጎደለው፣ በቃላት ብዛት የተጨናነቀ መስሎ ሲታየው «ድሪቶ ነው» ብሎ ይደመድማል፤ ደራሲውም አንገቱን ይደፋል። ይሁን እንጂ ቃሏ ወደ ስድብነት ከመሻገሯ በፊት የአንድ ዕቃ ስም ነበረች፤ ዛሬም ነች። ድሪቶ ማለት እራፊ በእራፊ ላይ እየተደረተ የሚሰፋ፣ ለብርድ ሌሊት የሚሆን፣ የድሀ ሰው ልብስ ነው። ስለዚህ «ድሪቶ» ብሎ የሚነቅፍ ሐያሲ ሳያስበው በአንድ ቃል ሁለት ሰዎችን ይነቅፋል። አንደኛው ደራሲው ነው፤ ሁለተኛዋ ያንን ልብስ በኩራዝ ብርሃን የደረተችው እናት ናት። ደራሲው መልስ ይጽፍ ይሆናል። እናቲቱ ግን ጠበቃ የላትም።

ይህ ጽሑፍ የቀረበው ለመምህራንና ለተማሪዎች ስለሆነ ጥያቄውን በቀጥታ ላንሣው። ካረጀ ልብስ የሚሠራ ነገር፣ ምንጣፍም ይሁን ሥዕል፣ ቦርሳም ይሁን አሻንጉሊት፣ መቼ ነው ጥበብ የሚባለው? መቼስ ነው የጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ሆኖ የሚቀረው? ጥያቄውን እንዳነሣ ያደረገኝ በእጅ ሥራና በሥዕል ክፍለ ጊዜ «ከቤታችሁ አሮጌ ልብስ ይዛችሁ ኑና አንድ ነገር ሥሩበት» የሚል ትእዛዝ እየተለመደ መምጣቱ ነው። ትእዛዙ መልካም ይመስላል። ወጪ የለውም፤ ቁጠባንና ንጽሕናን ያስተምራል ይባላል። ነገር ግን የሚሠራውን ነገር የምንመዝንበትን ሚዛን አላበጀንም። ያለ ሚዛን የሚሰጥ ማርክ ደግሞ ፍርደ ገምድል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሮጌ ልብስ በቤታችን

በመሠረቱ «የተጣለ ልብስ» የሚለው አነጋገር ለእኛ ቤት እንግዳ ነው። በእኛ ዘንድ ልብስ አይጣልም፤ ማዕረጉ ይወርዳል እንጂ። የክት የነበረው የዘወትር ይሆናል። የዘወትሩ ከታላቅ ወደ ታናሽ ይወርዳል። ጉልበቱ ሲሳሳ ይጣፋል፤ መጣፉም አልበቃ ሲል ሱሪው ተቆርጦ ቁምጣ ይሆናል። ያረጀ ጋቢ ሕፃን ይጠቀለልበታል፤ ያረጀ ነጠላ ሊጥ ይሸፈንበታል። ሹራብ ይተረተርና ክሩ ኮፍያ ይሠራበታል። ከዚህ የተረፈው ጨርቅ ለምጣድ ማሰሻ፣ ለወለል መወልወያ፣ ለድስት ማውረጃ ይውላል። የተተለተለው ካልሲ ውስጥ ተጠቅጥቆ፣ በክር ተጠምጥሞ ኳስ ይሆናል። ይህን ሁሉ ያመለጠ ልብስ ቢኖር እንኳ «ልዋጭ!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ነጋዴ በሳፋ ወይም በብርጭቆ ለውጦ ይወስደዋል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ከላይ በተዘረዘሩት ሥራዎች ሁሉ ውስጥ እውቀት አለ። የጨርቅ ኳስ የሚሠራ ልጅ ውስጡ በጣም ከጠነከረ እግር እንደሚያሳምም፣ በጣም ከላላ ደግሞ እንደማይነጥር፣ ክሩም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከተጠመጠመ ኳሱ እንደሚሾል ያውቃል። ማንም በመጽሐፍ አላስተማረውም። ምጣድ የምታሰስ ሴትም የናይለን ጨርቅ ከጋለ ምጣድ ጋር እንደማይስማማና ማሰሻ ጥጥ መሆን እንዳለበት ታውቃለች። ይህን እውቀት «የቤት ነገር» ብለን ስለምንንቀው ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ጥለነው እንገባለን።

ጨርቅን ለሌላ አገልግሎት ማዋል በታላላቅ ሥራዎቻችን ውስጥም አለ። የጥንት የብራና መጻሕፍትን የገለጠ ሰው በእንጨትና በቆዳ የተሠራው ገበታ በውስጥ በኩል ቁራጭ ጨርቅ ተለጥፎበት ሊያገኝ ይችላል። ከቁራጮቹ ብዙዎቹ ከባሕር ማዶ የመጡ ሐርና ጥጥ ናቸው። ደጓሹ ያንን ቁራጭ የሚያሳርፍበትን ቦታ ያውቅ ነበር፤ መጽሐፉን የከፈተ ዐይን መጀመሪያ የሚያርፍበት ቦታ ነው። በአውሮፓም ቢሆን እስከ አሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ድረስ ወረቀት የሚሠራው በአመዛኙ ከበፍታና ከጥጥ ቡትቶ ነበር። የእንጨት ወረቀት ከመስፋፋቱ በፊት የታተመ መጽሐፍ ሁሉ ቀድሞ የአንድ ሰው ሸሚዝ ወይም አንሶላ ነበር ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

የቦንዳው ዘመን

እንግዲህ ልብስ በቤት ውስጥ ማዕረጉ እየወረደ የሚኖርበት ሥርዓት ከተለወጠ ቆይቷል። ዛሬ ሌላ ሰው ለብሶ የተወው ልብስ በቦንዳ ታስሮ በመርከብ ይመጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ ሳልባጅ፣ በስዋሂሊ ሚቱምባ፣ በፈረንሳይኛ ፍሪፕሪ ይባላል። ለጋና ዋና ከተማ ለአክራ ትልቁ የዚህ ንግድ ማዕከል ካንታማንቶ ነው። ኢትዮጵያ ልባሽ ጨርቅ ለንግድ እንዳይገባ ከልክላለች፤ ይሁንና በኮንትሮባንድ መግባቱን ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል። ሩዋንዳ በ2016 በአንድ ኪሎ ልባሽ ልብስ ላይ የሚከፈለውን ቀረጥ ከ20 የአሜሪካ ሳንቲም ወደ 2 ዶላር ከ50 ከፍ አደረገች፤ አሜሪካም በ2018 ለሩዋንዳ ልብስ ሰጥታ የነበረውን ከቀረጥ ነፃ መብት አገደች። አሮጌ ሸሚዝ እንዲህ የመንግሥታት ጠብ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ኤለን ማክአርተር ፋውንዴሽን በ2017 ያወጣው ጥናት ለልብስ ከሚውለው ጥሬ ዕቃ ውስጥ ተመልሶ አዲስ ልብስ የሚሆነው ከመቶ አንድ እንኳ እንደማይሞላ ገልጿል። አንዱ ምክንያት የዛሬ ልብስ ጥጥና ፖሊስተር ተቀላቅሎ የሚሠራ በመሆኑ ክሩን መልሶ መለየት አስቸጋሪ መሆኑ ነው። ይህን የምጠቅሰው አንድ የተለመደ አነጋገር ለማረም ነው። «ከአሮጌ ልብስ ቦርሳ በመሥራት አካባቢያችንን እናድናለን» የሚል መፈክር በየክፍሉ ተለጥፎ ይታያል። እውነቱን ለመናገር አንድ ክፍል ተማሪ በዓመት የሚሰፋው ቦርሳ የአንድ ቦንዳ ሆድ አይሞላም። ከልብስ የሚሠራ ጥበብ ዋጋው ከቁጥር ይልቅ በሚያሳየው ነገር ላይ ነው። ልብሱ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደለበሰው፣ ለምን እንደተወው እንድናይ ያደርገናል። ይህን ካላደረገ ጥቅሙ ትንሽ ነው።

ባልባላና የጨርቅ ቤት

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ባልባላ ሆኜ ነው። ባልባላ ከጅቡቲ ከተማ አሮጌ ሰፈሮች በአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ተለይቶ የሚገኝ ሰፊ ሰፈር ነው። አመጣጡም የሚገርም ነው። በ1966 የፈረንሳይ አስተዳደር ወደ ከተማይቱ የሚገባውን ሰው ለመቆጣጠር ዙሪያዋን በእሾሃማ ሽቦ ባጠረ ጊዜ፣ ከአጥሩ ውጭ የቀረው ሕዝብ እዚያው ደጃፉ ላይ ሰፈረ። አገሪቱ በ1977 ነፃ ከወጣች በኋላም ሰፈሩ እያደገ ሄደ። ሶማሌው፣ አፋሩ፣ የመናዊው፣ ከእኛም አገር በባቡርና በእግር የመጣው በአንድነት የሚኖርበት ሆነ። ዛሬ የብሎኬት ቤትና የአስፋልት መንገድ አለው፤ የቆርቆሮና የሳንቃ ቤትም ገና ብዙ ነው።

ስለ ጨርቅ ሥራ ስናወራ በዚህ አካባቢ የሚነሣው ትልቁ ሥራ ቤት ነው። የአርብቶ አደሩ ቤት በቅስት የታጠፉ እንጨቶች ላይ ሴቶች የሠሩትን ሰሌን አልብሶ የሚቆም ነው። ድርቅ ወይም ጦርነት ሰውን ከከብቱና ከሰሌኑ ለይቶ ወደ ከተማ ዳር ሲጥለው ቅስቱ ይቀራል፤ ልብሱ ይለወጣል። በሰሌኑ ፋንታ ቀሚስ፣ ሽርጥ፣ የተቀደደ ሸራ፣ ካርቶንና ላስቲክ ይደረብበታል። ሶማሌዎች እንዲህ ያለውን ጎጆ ቡል ይሉታል። የሠሪዋን እጅ ተከታትሎ ለሚያይ ሰው ወፍራሙ ጨርቅ የበጋው ካምሲን ነፋስ በሚመጣበት በኩል ይውላል፤ ስሱ ደግሞ አየር እንዲገባ በሚፈለግበት በኩል ይደረጋል። ቋጠሮው ሳይቀደድ የሚፈታ ነው፤ ነገ ሌላ ቦታ መሄድ ይኖራልና።

ይህን ስጽፍ አንድ አደጋ ይታየኛል። «እንዴት ያምራል!» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ድህነትን ውብ ነው ብሎ ማወደስ ግን ከሐያሲ ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ነው። የጨርቅ ቤት በእሳት ጊዜ አንድ አፍታ አይቆይም፤ ዝናብም ይገባዋል። የምታቆመው ሴት የቆርቆሮ ቤት ብታገኝ ጨርቄን ማቄን ሳትል ትገባለች። ስለዚህ የምናደንቀው እውቀቷን ነው፤ እንድትኖርበት የተገደደችበትን ችግር አይደለም። እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ማየት የማይችል ዐይን ከአሮጌ ልብስ የተሠራ ጥበብን ሊመዝን አይችልም።

ሦስት መለኪያዎች

ከዚህ በመነሣት ሦስት መለኪያዎችን አቀርባለሁ። የመጀመሪያው፦ ጨርቁ ልብስ እንደነበረ ያስታውሳልን? ልብስ ገላ ላይ የኖረ ነገር ነው። ክርኑ ያልቃል፤ አንገትጌው ይወይባል፤ ኪሱ ይረግባል። ሠሪው ይህን ሁሉ ደብቆ ጨርቁን እንደ አዲስ ጣቃ ከተጠቀመበት አሮጌ ልብስ የመረጠበት ምክንያት አይገባንም።

ሁለተኛው፦ ስፌቱ ይይዛልን? ይህ የሙያ ጥያቄ ነው። ለምጣዱ ማሰሻ፣ ለግድግዳው ሥዕልም እኩል ይሠራል። ሐሳቡ ታላቅ ሆኖ ስፌቱ የሚፈታ ሥራ መልካም ምኞት እንጂ ጥበብ አይደለም።

ሦስተኛው፦ ሥራው ማንን ይጠቅማል? የሚለብሰው፣ የሚሸጠው፣ ስሙ የሚጠራበት ማን ነው? በሥነ ጽሑፍ ሂስ ይዘትና ቅርጽ እያልን እንከራከራለን፤ በጨርቅ ሥራ ግን ባለቤቱ ማን ነው የሚለው ሦስተኛ ጥያቄ ሊዘነጋ አይገባውም።

ሥራዎቹ ሲመዘኑ

በነዚህ መለኪያዎች የታወቁ ሥራዎችን እንመልከት። መጀመሪያ በአሜሪካ በአላባማ ግዛት ጊስ ቤንድ የምትባለውን መንደር ላንሣ። የመንደሯ ሰዎች በጥጥ እርሻ ላይ ባሪያ ሆነው የሠሩ ጥቁሮች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ሴቶቹ ካረጀ የሥራ ልብስ ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር፤ በእኛ ቋንቋ ድሪቶ ማለት ነው። ሚዙሪ ፔትዌይ የተባለች ሴት በ1942 ባሏ ሲሞት የሥራ ልብሱን ሰብስባ ብርድ ልብስ አድርጋ ሰፋችው። ለቅሶዋን በጨርቅ ጻፈችው ማለት ይቻላል። በዚያች መንደር ድሪቶዎች ላይ ሱሪው ጉልበት አካባቢ የነጣው ይታያል፤ ኪስ ተነቅሎ የተነሣበት ቦታ ፀሐይ ስላላገኘው ጠቁሮ ይቀራል። ኪሱ የለም፤ ጥላው ግን አለ። በመጀመሪያው መለኪያ ከዚህ የሚበልጥ ሥራ አላውቅም። በሁለተኛውም ቢሆን ልጆች ለዓመታት የተኙበት ስፌት መያዙን አስመስክሯል።

ፈተናው የመጣው በሦስተኛው ነው። ድሪቶዎቹ በ2002 በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎም በኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ታዩ። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ሥዕላቸውን በቴምብር ላይ አወጣ። በ2007 ግን ከሰፊዎቹ አንዳንዶቹ ከሽያጩና ከመብቱ ድርሻችንን አላገኘንም ብለው ክስ መሠረቱ፤ ክርክሩም በማግስቱ ዓመት ተቋጨ። ማን ልክ ነበር ማን አልነበረም የሚለውን መፍረድ የእኔ ሥራ አይደለም። ለእኛ የሚጠቅመው ትምህርት ግን ግልጽ ነው። ድሪቶ ከአልጋ ወጥቶ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል «ባለቤቱ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄም አብሮ ይሰቀላል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከኢጣልያ ነው። ሚኬላንጄሎ ፒስቶሌቶ በ1967 «የቡትቶዋ ቬነስ» የተባለውን ሥራ አቀረበ። ነጭ የቬነስ ሐውልት ፊቷን ወደ አሮጌ ልብስ ክምር አዙራ፣ ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታ ትቆማለች። ሥራው «ድሀ ጥበብ» የሚል ስም ከተሰጠው የኢጣልያ እንቅስቃሴ ዋነኞቹ አንዱ ነው። በ2023 በናፖሊ አደባባይ የቆመው ትልቁ ቅጂው በሐምሌ ወር ተቃጠለ፤ በ2024 እንደገና ተሠርቶ ቆመ። ሐሳቡ ብርቱ ነው፤ ዘላለማዊ ውበትና አላፊ ቡትቶ ፊት ለፊት ተገናኝተዋል። በእኔ አስተያየት ግን በዚህ ሥራ ውስጥ ልብሱ ክምር ሆኖ ይቀራል። አልተሰፋም፤ ማን እንደለበሰውም አይነገረንም፤ ሥራው ሁሉ በቬነስ ላይ ወድቋል። ለሀብታም አገር ተመልካች የልብስ ክምር ምሳሌያዊ ነገር ነው። ባልባላ ገበያ ላይ ቢከመር ግን ከሰዓት በፊት ሴቶች ሸሚዙን ለብቻ፣ ሱሪውን ለብቻ፣ የልጁን ለብቻ ለይተው፣ ዋጋ ቆርጠው ይጨርሱት ነበር፤ ቬነስም ብቻዋን ትቀር ነበር። ይህን የምለው ለማላገጥ አይደለም። አንድ ሥራ በሌላ ሰው ዐይን ሲታይ ክብደቱ እንደሚለወጥ ለማሳየት ነው።

ሦስተኛው የራሳችን ሰው ኤልያስ ስሜ ነው። ኤልያስ በ1968 አዲስ አበባ ተወልዶ በ1990 ከአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቀ ሠዓሊ ነው። ለብዙ ዓመታት ከመርካቶና ከየመንደሩ የተለቀመ ቁልፍ፣ ክር፣ ቆርኪና ላስቲክ ይሰበስብ ነበር። ክሩን በሸራ ላይ በመርፌ እየሰፋ እንደ ቀለም ቅብ ሥዕል ይሠራበታል። በ2009 በአሜሪካ በሳንታ ሞኒካ የሥነ ጥበብ ሙዚየም የቀረበው ትርኢቱ «የመርፌ ዐይን፣ የልብ ዐይን» የሚል ስም ነበረው። በኋላ ደግሞ ወደ ተጣለ የኤሌክትሮኒክስ ሽቦና ዕቃ ተሻግሮ ትልልቅ ሥራዎችን አቅርቧል። ከመስከረም አሰግድ ጋር በ2002 የዞማ የጥበብ ማዕከልን መሥርተው በ2019 በአዲስ አበባ ዞማ ሙዚየምን ከፍተዋል። የሙዚየሙ ሕንፃዎች በአገር ባህል በጭቃና በጭድ የተሠሩ ናቸው።

በስፌቱ ማንም አይወዳደረውም። ጥልፍ እንደሚጠልፍ ሰው በትዕግሥት፣ ነጥብ በነጥብ፣ ሸራውን ይሞላዋል። መርፌንና ክርን ወደ ሥዕል ዐደባባይ ያወጣ ወንድ ሠዓሊ መሆኑም የሚናቅ ነገር አይደለም፤ ብዙ ሰው መስፋትን የሴት ሥራ ነው ብሎ ያስባልና። በመጀመሪያው መለኪያ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። ሥራዎቹን ከሩቅ ሲያዩአቸው የቀለሙ ድምቀት የዕቃውን ታሪክ ይውጠዋል። የሺህ ሰዎች ሸሚዝ ላይ የነበረ ቁልፍ ነጥብ ብቻ ይሆናል። ቀረብ ሲሉ ታሪኩ ይመለሳል፤ ግን ስንት ሰው ቀረብ ይላል? ምናልባት ሠዓሊው የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ሰውን በውበት ጠርቶ በዕቃው ማነጋገር። ተማሪዎቻችን ሥራውን በፎቶግራፍ ብቻ ሲያዩ ግን ግማሹ ይጠፋባቸዋል። መምህር ከሥዕሉ ጎን አንድ እፍኝ ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ ቢበትን ትምህርቱ የተሟላ ይሆናል። በሦስተኛው መለኪያ ዞማን መጥቀስ ይበቃል፤ በጥበቡ ያገኘውን ስም ሰው ተሰብስቦ ወደሚማርበት ቦታ ለውጦታል።

ወደ ክፍላችን ስንመለስ

አሁን ወደ ጀመርንበት ትእዛዝ እንመለስ፤ «ከቤታችሁ አሮጌ ልብስ ይዛችሁ ኑ» የሚለው ነው። እኔ የማስተምረው የመምህራን ማሠልጠኛ ውስጥ ስለሆነ ሠልጣኞች ልምምድ ሲያደርጉ በየትምህርት ቤቱ እየዞርኩ ክፍል ውስጥ እቀመጣለሁ። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ትምህርት ቤት የክፍሉ መምህር ይህንኑ ትእዛዝ ሰጥቶ ነበር። በተባለው ቀን ልጆቹ ይዘው መጡ። አንዲት ልጅ ባዶ እጇን መጣች። ለምን እንዳላመጣች ስትጠየቅ «የእኛ ቤት አሮጌ ልብስ ገና እየተለበሰ ነው» አለች። ክፍሉ ሳቀ። መምህሩም በመዝገቡ ላይ ዜሮ ጻፈ።

የዚያች ልጅ መልስ ስለ አሮጌ ልብስ ከሰማኋቸው አስተያየቶች ሁሉ ትክክለኛው ነው። የክፍሉ ልጆች ሁሉ «አሮጌ» ማለት የማንፈልገው ማለት ነው ብለው ሲያስቡ፣ እሷ «አሮጌ» ማለት ብዙ ያገለገለና ገና የሚያገለግል ማለት መሆኑን ነገረቻቸው። በሌላ አነጋገር የትምህርቱን ፍሬ ነገር ከመምህሩ በፊት አውቃው ነበር፤ የተሰጣት ማርክ ግን ዜሮ ነው። እንዲህ ያለ ትምህርት ቁጠባን የሚያስተምር መስሎ፣ ትርፍ ያለውን ልጅ ይሸልማል፤ ትርፍ የሌለውን በሰው ፊት ያራቁታል። ይህ በባልባላ ብቻ የሚሆን አይመስለኝም። በደሴም፣ በድሬዳዋም፣ በመርካቶም ይሆናል።

ስለዚህ የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ጨርቁን ትምህርት ቤቱ ያዘጋጅ። ልብስ ሰፊ ባለበት ሰፈር ሁሉ ቁርጥራጭ ጨርቅ አለ፤ መምህሩ ራሱ ሄዶ ቢለምን የሚከለክለው ጥቂት ነው። ሁሉም ልጅ ከአንድ ክምር ያነሣል፤ የማን ቤት ምን እንዳለው አይታወቅም።

ሁለተኛ፣ ከመቀስ በፊት ምርመራ ይቅደም። ከእያንዳንዱ ጨርቅ ጥቂት ክር ተመዞ፣ መምህሩ ባለበት፣ ውኃ አጠገብ ተቀምጦ በጥንቃቄ ይቃጠል። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ስስ አመድ ይተዋል። ሱፍ እንደተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ፖሊስተርና ናይለን ይቀልጣሉ፤ ሲበርዱም እንደ ጠጠር ይደርቃሉ። ይህ የኬሚስትሪ ትምህርት ነው። ለምን ማሰሻ ከጥጥ እንደሚሠራ ተማሪው በዐይኑ ያያል፤ የእናቱም እውቀት በላቦራቶሪ ተረጋግጦ ይመለስለታል። የልብሱ አንገት ላይ ያለችው ምልክት የተሠራበትን አገር ከነገረችን ደግሞ የጂኦግራፊ መምህሩ ካርታውን ይዘርጋ።

ሦስተኛ፣ የሚሠራው ነገር ጥቅም ይኑረው፤ ወይም ትዝታ ይኑረው። በየአዳራሹ የሚሰቀሉትን የጨርቅ አበባዎች ብዙ አይተናል። አበባው የሚጠቀምበት ሰው የለም፤ ጨርቁም ልብስ እንደነበረ አይታወስም፤ በዓሉ ሲያልፍ ወደ ቆሻሻ ይጣላል። እንዲህ ከሆነ ልብሱን ሁለት ጊዜ ጣልነው ማለት ነው። ከዚህ ይልቅ የጠመኔ ማጥፊያ፣ የወንበር ትራስ፣ የደብተር ልባስ፣ ለታናናሾች የሚሆን ኳስ ይሠራ። ትዝታን የሚመርጥ ተማሪ ካለ ደግሞ አያቱ የነገረችውን ነገር በእራፊ ላይ በክር ይጻፍ፤ ፊደላችን ለጥልፍ የሚመች ነው።

አራተኛ፣ ማርክ ሲሰጥ ስፌቱ ይሳብ። መምህሩ ሥራውን በሁለት እጁ ይዞ በመጠኑ ይጎትተው። ከያዘ ይዟል፤ ካልያዘ ተማሪው ፈትቶ እንደገና ይስፋው እንጂ በዜሮ አይባረር። መስፋትና መፍታት የአንድ ሙያ ሁለት እጆች ናቸው። በመጨረሻም የሠሪው ስም በሥራው ላይ በክር ይጻፍ። የጊስ ቤንድ ሴቶች ጉዳይ ያስተማረን ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ እንደሚኖር አውቃለሁ። «ተማሪዎቻችን ኮምፒዩተር መማር ሲገባቸው ቡትቶ እንዲሰፉ ታደርጋለህን?» የሚል ወላጅ አይጠፋም። የወላጁን ስጋት አልንቅም። ልጁ ከቡትቶ እንዲወጣ ብሎ ትምህርት ቤት ልኮታልና፣ ቡትቶ እዚያ ጠብቆ ሲያገኘው ቢቆጣ አይፈረድበትም። መልሴ ይህ ነው። ድሪቶ መልበስና ድሪቶ መሥራት ማወቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ችግር ያመጣው ነው፤ ሁለተኛው ሙያ ነው። ያለውን ነገር ለይቶ፣ ጠንካራውን ከደካማው መርጦ፣ ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮችን እንዳይላቀቁ አድርጎ ማያያዝ የሚችል ልጅ በማናቸውም መሣሪያ ላይ ቢቀመጥ አያፍርም። ጽሑፍ የሚጽፈውም እንዲሁ ነው። ጥሩ ድርሰት ከብዙ ቦታ የተለቀመ ሐሳብ በአንድ ክር የተያዘበት ነው፤ መጥፎው ደግሞ ክሩ የሌለበት።

ስለዚህ ሐያስያን ሆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ አንድን ድርሰት «ድሪቶ» ለማለት ስትነሡ ጥቂት ቆም በሉ። ስፌቱ ካልያዘ «ስፌቱ አልያዘም» በሉት፤ ነቀፌታው ለሚገባው ሰው ብቻ ይድረስ። ድሪቶ ራሱ ግን ስድብ አይደለም። ከተረፈው ነገር ሰውን ከብርድ የሚያሳድር ሥራ ነው።

ለሥራ ባልደረቦቼ ለመምህራንም የምለው ይኸው ነው። መርፌና ክር ይዛችሁ ወደ ክፍል ግቡ፤ «የእኛ ቤት አሮጌ ልብስ ገና እየተለበሰ ነው» የምትል ልጅ ከገጠማችሁም ከፊት አስቀምጧት፤ ታስተምራለች። መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ።